ማይክ የሌለበት አምስት ወንበር

ክቡር አዘጋጅ፣

መስከረም ላይ እዚህ አሜሪካ ያከበርነውን የአዲስ ዓመት በዓል ፎቶዎች በጋዜጣችሁ አውጥታችሁ ነበር። ከፎቶዎቹ በአንዱ፣ ከመድረኩ በስተግራ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና የቆመች ልጅ አለች። የኔ ልጅ ናት። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ፎቶውን እየላከልን ሲስቅብን ከረመ። እኔም ስቄያለሁ። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ይኸው ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ።

በዚያን ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ? ስፒከሩ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። አንድ ሰው ማሲንቆ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ልጄ ማሲንቆ በዓይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። «አባዬ፣ አንድ ክር ብቻ ነው እንዴ ያለው?» ብላ ሰው እየገፋች ወደ ፊት ተጠጋች። ትምህርት ቤት ቫዮሊን ትማራለች፤ ከአንድ ክር ምን እንደሚወጣ ለመስማት ቸኩላለች። ከዚያ ኪቦርዱ ተለቀቀ። ሰውየው ሲገዘግዝ አየነው፤ ድምፁን ግን አልሰማነውም። ጆሮዋን የያዘችው ያኔ ነው። ዘፈኑ አለቀ፣ ተጨበጨበለት፣ ወረደ።

አዘጋጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ከሥራ ወጥተው ማታ ማታ በነፃ የሚደክሙ ሰዎች ናቸው። ክትፎውም አንደኛ ነበር። ልነግራችሁ የፈለግሁት ከወር በኋላ ስለሄድንበት ሌላ በዓል ነው።

እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ኢንተርስቴት 81ን እንደ ሰፈሬ መንገድ ነው የማውቀው። በሼናንዶዋ ሸለቆ ቁልቁል ወደ ሮአኖክ፣ ከዚያም ወደ ቴነሲ ይወስዳል። ግራና ቀኙ ተራራ ነው። በዚያ መንገድ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል፤ የማውቀው ግን ነዳጅ ማደያውንና የጭነት ሚዛኑን ብቻ ነው። ተራራው ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ ምን እንደሚዘፍን አስቤው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ እፈራቸውም ነበር። እኛ አገር ከተሜው ስለ ገጠር ሰው የሚያወራውን ያህል፣ እዚህም አፓላቺያ ስለሚባለው የዚህ ተራራ አገር ሰው የማይባል ነገር የለም።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ሹፌር የፍራንክሊን ካውንቲ ሰው ነው። «ልጅህ ፊድል ትጫወታለች አይደል? በኦክቶበር መጨረሻ ወደ ፌረም ይዘሃት ና» አለኝ። ቫዮሊንን እነሱ ፊድል ነው የሚሉት። ባለቤቴ «ሰው የማታውቅበት ገጠር ልጅ ይዘህ?» ብላ ተቆጣች። ሄድን።

ፌረም ትንሽ ናት። አንድ ኮሌጅ አላት፤ ከሮአኖክ በስተደቡብ ተራራው ሥር ነው። የብሉ ሪጅ ፎክላይፍ ፌስቲቫል የሚባለው በዓል ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚከበረው እዚያው ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በእኛ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይውላል። ጠዋት ብርዱ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያስብል ነበር። አገር ቤት ክረምት ሲወጣ መስኩ ነው ቢጫ የሚሆነው፤ እዚህ ደግሞ ዛፉ።

መጀመሪያ ያየነው ምግቡን ነው፣ እንደ ልማዳችን። በርሜል የሚያህል የመዳብ ድስት ውጭ እሳት ላይ ተጥዷል። ውስጡ ፖም ነው። አንዲት ሴትዮ ሁለት ሜትር የሚያህል እጀታ ባለው የእንጨት ማማሰያ ያማስላሉ። አፕል በተር ይሉታል፤ ቅቤ የሚባል ነገር ግን የለበትም። ገንፎ ማገንፋት የሚያውቅ ሰው ሥራው ይገባዋል፤ ልዩነቱ ይኼኛው ቀኑን ሙሉ መማሰሉ ነው። እንዳያር ዱሮ ከሥሩ ሳንቲም ይጣልበት እንደነበር ነገሩን፤ ማማሰያው ሳንቲሙን ሲገፋው የድስቱን ሥር ይፍቃል። ሴትዮዋ እጃቸው ሲዝል ከሰልፉ አንዱን ጠሩና ማማሰያውን አስያዙት። ልጄም ተራ ደርሷት አማሰለች።

አረቄም አለ። ማለቴ የአረቄ ማውጫው። ፍራንክሊን ካውንቲ በድብቅ አረቄ በአሜሪካ ስሙ የታወቀ ነው፤ ራሱን የዓለም የአረቄ መዲና ይላል። የመዳብ ማሰሮውን፣ ቧንቧውን፣ ማቀዝቀዣ ውሃውን ሳይ እናቴ ጎረቤት የነበሩት አረቄ አውጪ ትዝ አሉኝ። ውሾች ደግሞ ዛፍ ላይ የወጣ ራኩን እንዳዩ ሲጮኹ ጩኸታቸው እየተቆጠረ ይሸለማሉ። ይኼን ለባለቤቴ በስልክ ላስረዳት ሞክሬ አልቻልኩም።

በቅሎ ዝላይም አየን። በቅሎዋ ከቆመችበት ተነስታ በእንጨቱ ላይ ትዘላለች፤ ሮጣ አይደለም። ልጄ «በቅሎ ምንድን ናት?» ስትለኝ ያቺን ተረታችንን ነገርኳት፦ በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች። ከዚያ ተራችን ወደ ሙዚቃው ሆነ፤ እዚያም ያው በቅሎ አገኘን።

ባንጆ የሚባለውን የክር መሣሪያ ማለቴ ነው። ሰው ባንጆ ሲያይ ጺሙን ያንጠለጠለ የተራራ ነጭ ነው የሚታየው። ነገር ግን ባንጆን ወደዚህ አገር ያመጡት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው። መጀመሪያ ቅል ላይ ቆዳ ተወጥሮበት፣ እጀታ ገብቶለት የሚሠራ ነበር። በሴኔጋልና በጋምቢያ የጆላ ሕዝብ ዛሬም አኮንቲንግ የሚባል ዘመዱን ይጫወታል፤ አጭሯ ክር ሳትቀር እዚያው አለች። በ1830ዎቹ ጆኤል ስዊኒ የሚባል የቨርጂኒያ ነጭ ከጥቁሮች ተምሮ ወደ መድረክ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲያ ባንጆ ስለ አባቱ ሲጠየቅ ተራራውን መጥራት ጀመረ። ይኼን ዝምታ ከሰበሩት መካከል ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የተባሉት ወጣት ጥቁሮች ይገኙበታል። ጆ ቶምሰን ከሚባሉ የሰሜን ካሮላይና ጥቁር ፊድል ተጫዋች ቤት እየተመላለሱ ተማሩ፤ በ2011 ግራሚ ወሰዱ። እኔ ስሄድ መንገድ ላይ አንድ ቤት በረንዳ የኮንፌዴሬሽን ባንዲራ፣ ባርነት እንዳይቀር የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ፣ ተሰቅሎ አይቼ ልቤ ቀዝቅዞ ነበር። ያ ሰውዬ ባንጆ ሲሰማ እግሩን እንደሚያወዛውዝ እርግጠኛ ነኝ። የማንን ቅል እየሰማ እንደሆነ ማን ይንገረው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትልቁ መድረክ ላይ የነበረው ብሉግራስ የሚባለው፣ በባንጆና በፊድል የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው። ብዙ ሰው ጥንታዊ ይመስለዋል፣ እኔም መስሎኝ ነበር። ቢል ሞንሮ የሚባለው የኬንታኪ ሰው ባንድ ውስጥ ኧርል ስክረግስ በሦስት ጣቱ የሚፈጥነውን ባንጆ ይዞ የገባው በ1945 መጨረሻ ነው፤ ዛሬ የምንሰማው መልክ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ከአያቶቻችን ያንሳል ማለት ነው። መድረኩ ላይ አንድ ማይክ ብቻ መሀል ቆሟል። ተራው የደረሰ ጠጋ ይላል፣ ተጫውቶ ሲጨርስ ወደ ኋላ ሸሸት ይላል፣ ሌላው ይገባል። ድምፁን የሚያስተካክለው እግራቸው ነው። ማሲንቆ የያዘው ሰውዬ ትዝ አለኝ።

እኛን ያስቀረን ግን መድረኩ አይደለም። ከዛፍ ሥር፣ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ፣ አምስት ታጣፊ ወንበር በክብ ተደርድሯል። ሁለት ፊድል፣ አንድ ባንጆ፣ አንድ ጊታር፣ ሰው የሚያህል ቤዝ። ማይክ የለም። ፊታቸውን ያዞሩት እርስ በርስ ነው፤ እኛ የምናየው ጀርባቸውን ነው። ልጄ ቫዮሊኗን መኪና ውስጥ ይዛ ነበር፣ ማክሰኞ ኮንሰርት ስላለባት። ባንጆ የያዙት ሴትዮ ይኼን ሲሰሙ «ታዲያ ሂጂ አምጪው እንጂ» አሏት።

አመጣች። «ኖታው የት አለ?» አለች። ፊድሉን ከአገጫቸው ሥር ሳይሆን ደረታቸው ላይ ደገፍ ያደረጉ አዛውንት «ኖታ የለንም። ያልያዝሽውን ዝለይው፣ የያዝሽውን ተጫወቺ» አሏት። ዜማው አጭር ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው፣ ደግሞ እንደገና። ሁሉም አብረው ነው የሚጫወቱት፤ ተራ የለም። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ልጄ አንዲት ክር ብቻ ነካ ነካ አደረገች። በአምስተኛው ግማሹን ያዘች። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት፣ ምክንያቱም ፊቷን ነበር የማየው። አዛውንቱ ቀኝ እግራቸውን ወደ መሀል ዘረጉ። ለካ «የመጨረሻው ዙር ነው» ማለት ነው። ሁሉም በአንዴ ቆሙ። ልጄ ብቻ ሁለት ድምፅ አስተረፈች። ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚያው ቅኝት አልወጡም። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ባንጆ ሌላ ቅኝት ውስጥ ሲገባ ክሩ እንደገና መቃኘት አለበት፣ ለሁሉም አሰልቺ ነው አሉኝ። አቤት! አጎቴን ያየሁ መሰለኝ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት የአገሬ ስሞች ናቸው። አጎቴ ክራሩን በትዝታ ቃኝቶ ሲጫወት አንዱ «እስቲ ባቲ!» ሲለው «ቆይ ልቃኘው» ብሎ ቤቱን ሁሉ ዝም ያሰኘዋል። እኛ ልጆቹ የምንማረው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነበር፤ የትኛውን ክር ጠበቅ፣ የትኛውን ላላ እንደሚያደርግ እያየን። ደግሞ ብዙዎቹ የዚያ ተራራ አሮጌ ዜማዎች በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። የኛ ትዝታ ሜጀርም ያው አምስቱ ድምፅ ነው። እዚያ ዛፍ ሥር ቆሜ ሳላውቀው ማንጎራጎር ጀምሬ ነበር፤ አንዱ ዞር ብሎ ሲያየኝ ነው ያቆምኩት።

«እነሱ አገራቸው ስለሆነ ነው፣ እኛ ስደተኞች ነን» የሚለኝ አይጠፋም። እነሱም ዝም ብለው አላቆዩትም። ጌላክስ የምትባለው የቨርጂኒያ ከተማ የፊድል ተጫዋቾች ጉባኤዋን የጀመረችው በ1935 ነው፤ ያን ጊዜም ዓላማው የድሮው ዜማ እንዳይረሳ ነበር። እዚያ ውድድር በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ እስከ ዛሬ አይገባም። በ2000 ደግሞ ሄለን ዋይት የሚባሉ የሰሜን ካሮላይና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ፣ ልጆች ከክፍል በኋላ ባንጆ፣ ፊድልና ጊታር በጆሯቸው እየሰሙ የሚማሩበት ፕሮግራም ጀመሩ። ዛሬ በተራራው ዙሪያ ወደ ብዙ ካውንቲዎች ተዛምቷል። እዚያ ክብ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ፊድለኛ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የተማረው በዚህ መንገድ እንደሆነ ነገረኝ።

ኪቦርድ ይጥፋ አላልኩም። ያለ ኪቦርድ ሠርግ እንዴት ይሆናል? እኔ የምለው፣ በዓል የምታዘጋጁ ወገኖች፣ በሚቀጥለው መስከረም ከመድረኩ ራቅ አድርጋችሁ፣ ስፒከሩ የማይደርስበት ቦታ ላይ አምስት ወንበር አስቀምጡልን። አንድ ሰዓት ብቻ። ክራር ያለው ይምጣ፣ ማሲንቆ ያለው ይምጣ፣ ዋሽንት ያለው ይምጣ። በየቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀለው ክራር ስንት ነው? የማይችል ይቀመጥና ይይ። ልጆች ተጠግተው ይንኩት፤ ቢሳሳቱም የሚሰማቸው ስድስት ሰው ነው። አቀናባሪ አያስፈልግም፣ ፕሮግራም መሪም አያስፈልግም። ወንበሩን እኔ በመኪናዬ አመጣለሁ።

እናንተም ክቡር አዘጋጅ፣ የምግብ ቤትና የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ በምታወጡበት ገጽ ጥግ ላይ ክራርና ማሲንቆ የሚያስተምሩ ሰዎችን ዝርዝር ብታወጡ ምን ይላችኋል? እዚህ አካባቢ እንዳሉ እሰማለሁ፤ ግን የማገኛቸው ሁልጊዜ በሰው በሰው ነው፣ ስልካቸውም ተቀይሮ ይጠብቀኛል።

ከፌረም በተመለስን ማግስት እኔም ክራሬን ከግድግዳ አወረድኩ። ልጄ አቧራውን ጠረገች፣ እኔ ልቃኘው ስሞክር አንዱ ክር በጠስ አለ። ለጊዜው ከአንድ ነዳጅ ማደያ የገዛሁትን የዓሣ ማጥመጃ ክር አስሬበታለሁ። ድምፁ ደህና ነው፣ ግን በየአሥር ደቂቃው ይላላል። ትክክለኛው ክር የት እንደሚገኝ የሚያውቅ አንባቢ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ቢጠቁመኝ እመርቀዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ