የድሮ ሸክላዎች ያለፈቃድ ሲበተኑ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በአምሃ ሪከርድስና በካይፋ፣ በቀድሞዎቹ ሙዚቃ አሳታሚዎች፣ የታተሙ ብርቅ የሙዚቃ ሸክላዎች ዛሬ ያለፈቃድ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ይጫናሉ። ሙዚቀኞች በዚህ ጉዳይ አንድ ልብ አይደሉም። ገበያ ላይ የሌለ ሥራ ከመጥፋት መዳኑ የሚያስደስታቸው አሉ። ሌሎቹን ግን የማስታወቂያውን ገንዘብ ባዕድ ሰው መውሰዱ ያንገበግባቸዋል፤ እውነት አላቸው። «አሮጌ ስለሆነ ባለቤት የለውም» የሚባለውም ስህተት ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፕሮዲዩሰሩ መብት 50 ዓመት ቢሆንም፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ከሞቱ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል።

ብዙም የማይነሳው የቅጂው ጥራት ነው። ካሴት 3 በመቶ ፈጥኖ እየዞረ ከተቀዳ ዜማው ግማሽ ሰሚቶን ያህል (በሁለት ጎረቤት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያለውን ልዩነት ግማሽ) ከፍ ይላል፤ ያንን ሰምቶ ክራሩን የሚቃኝ ተማሪ ዘፋኙ ያልዘፈነበትን ድምፅ ይይዛል። የማጫወቻው ሄድ፣ ማለትም ድምፁን ከቴፑ ላይ የሚያነበው ክፍል፣ ከቴፑ ጋር ቀጥ ካላለ ቀጫጭን ድምፆች ይታፈናሉ። የሸክላውን መንጫጫት ለማጥፋት ማጣሪያ ሲበዛ ደግሞ የማሲንቆው የጭራ ፍትጊያ አብሮ ይሄዳል። ያ ፍትጊያ እኮ ሙዚቃው ራሱ ነው!

ስለዚህ ሸክላ ያላችሁ፣ መጀመሪያ እጠቡት፤ በከፍተኛ የቅጂ ጥራት (በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ)፣ ያለማጣሪያ፣ ድምፁን ሳይጨምቅ ወደሚያስቀምጥ የዋቭ ፋይል ገልብጡ። በሸክላው በሁለቱም ገጽ መሃል የተለጠፈውን ወረቀት ከነቁጥሩ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ድምፃዊውን፣ ደራሲዎቹን ወይም ወራሾቻቸውን ፈልጋችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ አንድ ቅጂም ስጧቸው። ብዙዎቹ የገዛ ሥራቸው በእጃቸው የለም።

የድምፅ ቅጂ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ