ኮምፒውተር አለ፤ ለተማሪው የሚደርሰው ግን ስንት ደቂቃ ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በደሴም በኮምቦልቻም ወላጅ «ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አለው ወይ?» ብቻ ብሎ ባይመለስ መልካም ነው። ልጁ በሳምንት ስንት ደቂቃ ኪቦርድ እንደሚነካም ይጠይቅ። ለ60 ተማሪ 15 ኮምፒውተር ካለ፣ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለአንዱ የሚደርሰው 10 ደቂቃ ነው፤ ኮምፒውተሩን ማስነሻው ጊዜ ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። ደፈር ያለው ማውሱን ይይዛል፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ ያያል።

ማሽኖቹ ከአገልግሎት የሚወጡት ብዙ ጊዜ በቀላል ነገር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያቀርበውን ክፍል) ያቃጥላል፤ ሶኬቱን ነቅሎ፣ መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ብዙ ያድናል። ሌላዋ ማዘርቦርዱ (ዋናው የኮምፒውተሩ ሰሌዳ) ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032 ባትሪ ናት። እሷ ስትደክም ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተለየ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀኑ ሲዛባ ደግሞ ብሮውዘሩ ድረ ገጾችን አልከፍትም ይላል። «ኢንተርኔት አይሠራም» ተብሎ ጥግ የሚጣል ማሽን ሳንቲም በምታክል ባትሪ ሊድን ይችላል። ይህ በእውነት ያንገበግባል!

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ብዙ ያወጡ አገሮች በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ይህ ነው የሚባል መሻሻል እንዳላሳዩ ገልጿል። ኮምፒውተር መግዛት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ስለዚህ ርዕሳነ መምህራን የኮምፒውተር ክፍሉን ከትምህርት ሰዓት በኋላም ያስከፍቱ፣ ተራው በስም ዝርዝር ይያዝ፣ ለባትሪና ለአቧራ ማጽጃ በጀት ይመደብ። ኢንተርኔት በሌለበት ኮሊብሪ የተባለውን ነፃ የትምህርት ሶፍትዌር አንዱ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ለሌሎቹ በኔትወርክ ማካፈል ይቻላል።

የአይሲቲ መምህር፣ ከደሴ