ይድረስ ለባለቶርኖው ወዳጄ

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስንት ጊዜ ተጠፋፋን? አልቆጥረውም። አንተም እኮ ድምፅህን አጥፍተሃል፣ ስለዚህ ተካክለናል፤ ወቀሳው ይቅርብን።

ብዕር ያስነሳኝ የጠረጴዛ መሳቢያ ነው። አትሳቅ። አሮጌ ጠረጴዛ ነው፤ መሳቢያው ተቀርቅሮ አልከፈት ቢለኝ እንደምንም ጎትቼ አወጣሁትና ገለበጥኩት። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳየው አመሸሁ። የሠራው ሰው ስሙን የትም አልጻፈም። ማዕዘኑ ላይ ግን፣ ሁለቱ ጣውላዎች እንደ ጣት ተቆላልፈው በሚጋጠሙበት ቦታ፣ በሹል ነገር የተጫረች ቀጭን መስመር አለች። መጋዙ እስከ እሷ ድረስ ሄዷል፣ ከእሷ ግን አላለፈም። ሥሩን ስትዳስሰው ደግሞ ሸካራ ነው፤ መላጊያው የተወው ወጣ ገባ እጅህ ላይ ይታወቅሃል። ስንፍና እንዳይመስልህ። ፊቱን እንደዚያ ያለሰለሰ ሰው ሥሩን ማለስለስ አያቅተውም። ለመሳቢያው ምንም ስለማይጨምርለት ነው የተወው። ጉልበቱን የት እንደሚያፈስና የት እንደሚቆጥብ ያውቅ ነበር።

ይበልጥ የገረመኝ ግን የመሳቢያው ወለል ነው። ሰሌዳው ቦይ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል እንጂ በሙጫ አልተያዘም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በቁመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ሰውዬው መላወሻ ትቶለታል። ታዲያ ለምን ተቀረቀረ? በኋላ የመጣ አንድ ጠጋኝ ነኝ ባይ ወለሉን ዙሪያውን በምስማር ቸንክሮታል! እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ አጥቶ ጎበጠ፣ ከዚያ ተወጠረ። ምስማሮቹን ነቀልኳቸው። አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል።

ይኸውልህ፣ ከዚያ ወዲህ አንተ ከሐሳቤ አልወጣ አልክ። ብረት እያሽከረከረ በሚቆርጠው ቶርኖህ ላይ ቆመህ እኔ ስለፈልፍ «ዝም በል፣ ልስማው» ትለኝ ነበር። ለእኔ ጫጫታ ነው። አንተ ግን ከድምፁ መለወጥ ብቻ የሚቆርጠው ቢላ መደነዙን ታውቃለህ። እየተጠቀለለ የሚወጣው ፍቅፋቂ ሰማያዊ ሲሆን «ሞቀ» ብለህ ፍጥነቱን ታበርዳለህ። መለኪያውን ካሊበር ከማንሳትህ በፊት ልኩን በዓይንህ ትገምት ነበር፣ እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ ግምትህ መግጠሙ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። ሰው ባለሙያን ሲያመሰግን ብዙ ጊዜ የሚያመሰግነው ላቡን ነው። ልፋቱን፣ ትዕግሥቱን፣ የሻከረ መዳፉን። ክፋት የለውም፣ ግን አይዋጥልኝም። ሐኪምን «ቀኑን ሙሉ ቆመህ ዋልክ፣ ጎበዝ» ብሎ የሚያመሰግን አይተህ ታውቃለህ? የሚመሰገነው በማወቁ ነው። አናጢውም፣ በያጁም፣ አንተም እንደዚያው ናችሁ። ልፋት ብቻማ ያ ምስማር ቸንካሪውም ለፍቷል።

ስለ ጆሴፍ ዊትወርዝ አውርተን እናውቃለን? እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፣ በወጣትነቱ በማሽን ሠሪው በሄንሪ ሞድስሌ ወርክሾፕ ውስጥ የሠራ። በእሱ ጊዜ አንዱ ወርክሾፕ የሠራው ብሎን ሌላው የሠራው ዳዶ ውስጥ አይገባም ነበር፤ ሁሉም በየራሱ ልክ ነው ጥርስ የሚያወጣው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. ዊትወርዝ ሁሉም በአንድ ልክ ይሥራ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ እንዲሆን። 55ን ከየት አመጣው መሰለህ? ከየወርክሾፑ ብሎኖች ሰበሰበና አማካያቸውን ወሰደ። አየህ፣ እነዚያን ብሎኖች የቆረጡት ሰዎች «ይሄ ይይዛል፣ ይሄ ይበጠሳል» እያሉ እዚያ የደረሱት በየራሳቸው ልምድ ነው። ልኩ በዊትወርዝ ስም ተጠራ። እኔ የማስበው ግን ስማቸው የትም ስላልተጻፈው ስለ እነዚያ ብሎን ቆራጮች ነው።

ጠፍጣፋ ብረት የማውጣቱን ዘዴ ደግሞ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፣ ቢሆንም ደስ ስላለኝ ስማኝ። ማመሳከሪያ የሚሆን ቀጥ ያለ ነገር ሳይኖርህ ቀጥ ያለ ገጽ እንዴት ታወጣለህ? ሁለት ሰሌዳ ወስደህ አንዱን ቀለም ትቀባና ሌላው ላይ ታሸዋለህ። ቀለም የነካውን ጉብታ ትፍቃለህ፣ እንደገና ታሻለህ። በመጨረሻ ልክክ ይላሉ። ግን አንዱ ጎድጓዳ ሌላው ጎባጣ ሆነውም ልክክ ሊሉ ይችላሉ! ሦስተኛ ሰሌዳ ጨምረህ፣ እያዞርክ ሦስቱንም በየተራ ስታገናኛቸው ግን ማምለጫ የላቸውም። ሁሉም እርስ በርስ የሚገጥሙት ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው። ማስተማመኛው ይኸው ነው፤ ሦስት ብረት፣ ቀለም፣ መፋቂያና የሚያይ ዓይን። ዛሬም እጅግ ትክክለኛ የሚባሉ ማሽኖች መንሸራተቻቸው በእጅ ይፋቃል። ይሄን ሳውቅ ለሰዎች ሁሉ ልናገር አማረኝ፣ የሚሰማኝ ግን አጣሁ። ስለዚህ ያንተ ዕዳ ሆነ።

አንዱን ብቻ ልጨምርና ላብቃ። በአውሮፓውያኑ 1969 ጨረቃን የረገጡት ሰዎች የለበሱትን ልብስ የሰፉት አሜሪካ፣ ደላዌር ግዛት፣ ዶቨር ውስጥ የነበሩ ልብስ ሰፊ ሴቶች ናቸው። ኩባንያው የሚታወቀው በጡት መያዣና በውስጥ ልብስ ነበር። ልብሱ 21 ድርብ ነው። ለስፌቱ የሚፈቀደው ስህተት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ብቻ ነበር፤ የተረሳ ስፒል እንዳይኖር ደግሞ በኤክስሬይ ይታይ ነበር። እዚያ ላይ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ሰው ይገድላል። የሮኬቱን ነዳፊዎች ስም በቃሉ የሚያነበንብ ሰው አውቃለሁ፣ ከሰፊዎቹ ግን የአንዷንም አያውቅም። እኔም ብሆን ብዙ አልሻልም።

አንተ አሁን ምን እየሠራህ ነው? አሁንም ቶርኖ ላይ ነህ ወይስ ኮምፒውተር የሚያዘው ማሽን ላይ ተዛወርክ? ከተዛወርክ የምር የምጠይቅህ አለኝ፤ በመስታወት ተከልሎ ሲሠራም ድምፁን ትሰማዋለህ? የመጣልህ ልጅ ካለ ጆሮውን እንዴት ነው የምታስለምደው? በአንድ መስመር «ደህና ነኝ» ብለህ እንዳትሸውደኝ፣ ዘርዝረህ ጻፍልኝ። የትልቋ ልጅህ ትምህርት ምን ላይ እንደደረሰም አትርሳ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ያው ወሬኛው ወዳጅህ