ጀልባዋን አትፍሪያት

ሄኒንግስቬር፣ ሎፎተን
ታኅሣሥ 5 ቀን

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረው፤ የእህቴ መልእክት ከደረሰኝ ጀምሮ ዕረፍት አጥቻለሁ። በሰኔ የተነሣሁትን ፎቶ ካየሽ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሽ፣ «አንዱ ባሕር አልበቃው ብሎ ነው እንደገና ጀልባ ላይ የወጣው?» እያልሽ እንደምታለቅሺ ጽፋልኛለች። ዝም ያልሁት የምመልስልሽ ጠፍቶኝ ነው።

ስለዚያኛው ባሕር ዛሬም አልጽፍልሽም። ስለዚህኛው ግን ሁሉንም ልንገርሽ።

ያለሁት በሰሜን ኖርዌይ ነው። መንደሩ በትናንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራ ነው፤ ወደቡ በመካከላቸው ተሸሽጎ በድንጋይ ግንብ ተከልሏል። ከአትላንቲክ የሚመጣ ሞቃት ጅረት ስለሚያልፍበት በክረምት እንኳ ውሃው በረዶ አይሆንም። ስለዚህ ብርዱ አንቺ እንደምታስቢው አይደለም። ፀሐይዋ አሁን ጠፍታለች፤ ገና አካባቢ ትመለሳለች።

ዋናው ሥራዬ መሬት ላይ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ኮድ የሚባለው ዓሣ ከባረንትስ ባሕር ተነሥቶ እንቁላሉን ሊጥል ቬስትፊዮርድ ወደሚባለው ሰፊ የባሕር ሰርጥ ይመጣል። እኛ ራሱን ቆርጠን፣ ሆዱን አጽድተን፣ ሁለት ሁለቱን በጅራቱ አስረን በእንጨት ርብራብ ላይ እንሰቅለዋለን። ጨው አይነካውም፤ የሚያደርቀው ነፋስና ብርድ ነው። 5 ኪሎ የነበረው 1 ኪሎ ያህል ሆኖ ይወርዳል። ዓሣው በብዛት ወደ ጣሊያን፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ወደ ናይጄሪያ ይላካል። እማዬ፣ ወደ አፍሪካ የሚሄደው ሲጫን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። የሞተ ዓሣ ወደዚያ ይሄዳል፤ እኔ ቆሜ እሸኘዋለሁ።

ጀልባዋ የአሠሪዬ ናት። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ያጠመደ ሽማግሌ ነው፤ ሥራ በሌለበት ቀን ይዞኝ ይወጣል። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ከነፈሰ ግን ከወደቡ ንቅንቅ አይልም፤ ቬስትፊዮርድ በዚያ በኩል ለውቅያኖሱ ክፍት ስለሆነ ሞገዱን የሚሰብረው ነገር የለም። ከሎፎተን ደሴቶች ደቡባዊ ጫፍ ባሻገር ሞስክስትራውመን የሚባል ኃይለኛ የባሕር ጅረት አለ፤ ወደዚያ አንጠጋም። ፎቶው ላይ የለበስሁት ቀይ ነገር ደግሞ የነፍስ አድን ሰደርያ ነው። ከ8 ሜትር ባጠረ የመዝናኛ ጀልባ የሚጓዝ ሁሉ እንዲለብሰው ከ2015 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በሕግ ታዟል።

መልሕቅ መጣልም አስተምሮኛል። አስቀድሞ ጥልቀቱን ይለካል፤ የሚለቀው ሰንሰለትና ገመድ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ያህል ነው፤ ካጠረ መልሕቁ ይነቀላል። ታችኛው ወለል አሸዋ ወይም ጭቃ ከሆነ አጥብቆ ይይዛል፤ ድንጋይ ወይም የባሕር ሣር ከሆነ ይንሸራተታል። ከዚያ በኋላ ዳር ላይ ያለ ቋጥኝና ከበስተኋላው ያለ ቤት ያሳየኛል። ሁለቱ በአንድ መስመር እስከታዩ ድረስ ከቦታችን አልተነቃነቅንም ማለት ነው። እኔ ከዚያ መስመር ላይ ዓይኔን አልነቅልም። እሱ ተኝቶ እንኳ እጠብቃለሁ።

ፎቶው የተነሣው ትሮልፊዮርድ በሚባል ቦታ ነው። አፉ 100 ሜትር ያህል ብቻ የሚሰፋ፣ ወደ ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ ግራ ቀኙ ገደል የሆነ ሰርጥ ነው። በፈረንጆቹ 1890 የእንፋሎት መርከቦች መግቢያውን ዘግተው ዓሣውን ለብቻቸው ሊያደርጉት ሲሉ የትናንሽ ጀልባ አጥማጆች ተጋፍጠዋቸዋል። ሽማግሌው ይህን ሲያወራ ዛሬም ይቆጣል። ያን ቀን መንጠቆ ጥለን አንድ ትንሽ ኮድ አወጣሁ፤ ከ44 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስለነበረ «ይደግ» አለኝና ወደ ውሃው መለስሁት። በዚያ ወር ፀሐይ አትጠልቅም። መሽቶ ወደ ቤት የሚጠራኝ ሰው እንደሌለ የተሰማኝ ያኔ ነው።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ጥር የሠርግ ወር መሆኑን አልረሳሁም፤ ግን ዓሣውም የሚመጣው በጥር ነው። የዓመት ገቢዬ የሚገኘው በእነዚያ ወራት ነው፤ ለሠርጉ የላክሁትም ከዚያ የተጠራቀመ ነው። ሰው «ገንዘብ ልኮ ቀረ» ይላል፤ ይበል። አንቺ ግን እንደዚያ አትበዪ፤ ያንን አልችልም።

ይህን የምታነቢላት እህቴ፣ አንቺም ስሚኝ። ከቤት ስትወጪ አጎቴ በእኔ ቦታ ይቁም። እጮኛሽ በስልክ ገና ስንተዋወቅ «ወንድሜ» ብሎ ጠራኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወድጄዋለሁ። እንደማያስከፋሽ ይሰማኛል። ብቻ ከእማዬ ራቅ ብላችሁ ቤት አትከራዩ። ልብስሽን ለመለካት ስትሄጂ ፎቶ ላኪልኝ፤ የሠርጉ ዕለት ሁሉም ሰው ሥራ ይበዛበትና ማንም አይልክልኝም።

እማዬ፣ የዓይንሽ ሞራ እንዲገፈፍ ሐኪሙ ነግሮሽ ሳለ «ከሠርጉ በኋላ» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ለምን ከሠርጉ በኋላ? ልጅሽን ስትድሪያት በደንብ ልታዪያት ይገባል። ከላክሁት ገንዘብ ላይ የሕክምናሽን ለይቼ ለእህቴ ነግሬያታለሁ፤ ለድንኳንም ሆነ ለድግስ እንዳይነካ። በዚህ ሳምንት ሂዱና የተሰጣችሁን ቀጠሮ ጻፉልኝ።

ልጅሽ