ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው ሲልሽ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ታኅሣሥ 12

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በየቀኑ በስልክ እየተያየን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስልኩ ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ትልቋ ስልኩን ትቀማሻለች፣ ምራትሽ ከጓዳ ሰላም ትለኛለች፣ አባባን አንድ ነገር ስጠይቀው ደግሞ እሱ አፉን ሳይከፍት አንቺ ትመልሺልኛለሽ። ስለዚህ ከበርበሬው ጋር ይህን ጨምሬ ላክሁ። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ወንድሜ እጅ እንዳይገባ፤ ለእሱ የሚሆነውን ለብቻው ጽፌለታለሁ።

ነገሩ የጥር ወሩ ጉዟችሁ ጉዳይ ነው። የሠርጋችሁ ቀን በሚውልበት ሳምንት ሦስት ምሽት ሁለታችሁ ብቻ ዲስኒ ወርልድ እንድትሄዱ ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ አይደለም። ሲነግርሽ በነጠላሽ አፍሽን ሸፍነሽ ስቀሽ «የልጆች መጫወቻ ያለ ልጆች? ሰው ምን ይለናል!» እንዳልሽ ሰምቻለሁ። ፍሎሪዳ ማን ያውቅሽና ነው ሰው የሚልሽ? እሱም መጀመሪያ «ልጆቹም ይሂዱ፣ እማዬ ታያቸዋለች» ብሎኝ ነበር። አራስ ልትጠይቂ ሄደሽ አምስት ወር ሞግዚት ሆንሽ፤ ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። ሁለት ሳምንት ተኮራርፈን ታርቀናል። ሦስቱንም ምሽት ልጆቹን እሱ ይይዛል፣ ቃል ገብቷል።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው ያደረግሁት። ረቡዕና ዓርብ ጾምሽ ነው፤ የአባባም እግር በየመሃሉ ይረፍ። ምግብ ቤቶቹ ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ስለሚያዙ ወንድሜን ኅዳር ላይ ጨቅጭቄ አስይዤዋለሁ። ስፋቱ አያስፈራሽ። ጠቅላላው ይዞታ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል ይላሉ፤ የምትሄዱበት አንደኛው ፓርክ፣ ማጂክ ኪንግደም የሚሉት፣ ግን 43 ሄክታር ገደማ ነው። ጁገል 48 ነው። በሸዋ በር ገብተሽ በኤረር በር የምትወጪ የሐረር ልጅ እሱ ያቅትሻል?

ማክሰኞ የአባባ ቀን ነው። የማጂክ ኪንግደምን ዙሪያ የሚዞር ባቡር አለ። የልጅ መጫወቻ እንዳይመስልሽ፣ ውኃ የሚያፈላ እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር ነው። አራት ሎኮሞቲቭ አላቸው። አራቱንም ፊላደልፊያ የነበረው የባልድዊን ፋብሪካ በፈረንጅ ከ1916 እስከ 1928 ባለው ጊዜ የሠራቸው ናቸው፤ ሜክሲኮ፣ ዩካታን የሚባል አገር ጭነት ሲጎትቱ አርጅተው ነበር። በ1969 ገዝተው አደሷቸውና ፓርኩ በ1971 ሲከፈት ሥራ አስጀመሯቸው። (እናንተም የተጋባችሁት በ1971 ነው፣ በእኛው። ይህን ለአባባ ንገሪው፣ ይስቃል።) የሐዲዱ ስፋት 91 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ነው፤ የእኛው የድሮው አንድ ሜትር። ይህን ግን አትንገሪው። ራሱ ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ይለካና «ከእኛ ይጠባል» ይበልሽ። ዙሩ ወደ 2.4 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በዚያ ቀን መሥራቱን ወንድሜ ከቤት ሳትወጡ ስልኩ ላይ ያይላችኋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሳፈሩ፣ ርችት ሊተኮስ ሲል ባቡሩ ይቆማል።

ስለ ርችቱ ብዙ አሰብኩ። በየምሽቱ ፓርኩ ውስጥ ባለው ቤተ መንግሥት ላይ ይተኩሳሉ፣ ሰዉ የሚሞተው ለእሱ ነው። እናንተ ግን ከመሃል አትቁሙ። ባለፈው ዓመት እዚህ ሠፈር ሠርግ ላይ ርችት ሲተኮስ አባባ ልጆቹን አልጋ ሥር እንዲገቡ የጮኸባቸው ትዝ ይልሻል? በእኛው በ1969 ነሐሴ ድሬ ስትደበደብ እሱ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። አንቺ «እየቀለደ ነው» አልሽ፣ ልጆቹም ሳቁ። እኔ እጁን ይዤው ነበር እማዬ። አልቀለደም። የትኛው ዓመት ላይ እንዳለ አላወቀም ነበር።

ሚጡ ጥርሷ ወልቋል፣ የፊተኛው። ጣሪያ ላይ ጥላ «እንካ አሞራ» ብላለች፤ አያቴ ትምጣና ሌላውን እሷ ትነቅልልኛለች እያለች አላስነካም ብላኛለች። አቡሽ ሒሳብ አንደኛ ወጥቷል፣ አማርኛ ግን አትጠይቂኝ። ማንጎው አብቧል። በረንዳው ላይ ያለውን አልጋ ለሙቀቱ ጊዜ ብለሽ ያስቀመጥሽውን አልሰጠሁም፣ አይዞሽ። ደቻቱ ደርቋል፤ ግመሎቹ እንደ ወትሯቸው መሃል አሸዋው ላይ ተኝተው ያመነዥካሉ።

እሺ፣ ርችቱ። ፓርኩ ፊት ለፊት ትልቅ ሐይቅ አለ። ከማጂክ ኪንግደም በሞኖሬል ወይም በጀልባ ተሻግራችሁ ፖሊኔዥያን የሚባለው ሆቴል ዳርቻ፣ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። (ሞኖሬሉ በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄደው። አባባ «ይሄ ባቡር አይደለም» ካለ አትከራከሪው።) ከዚያ ሆኖ ርችቱ ብርሃኑ ይታያል፣ ፍንዳታው ግን ይርቃል። ፊቱን ካልወደድሽው ተነሥታችሁ ሆቴሉ ውስጥ ግቡ። ለእኔ ግን ደስ ያለኝ ሌላው ነው፦ ማታ ማታ በሐይቁ ላይ በመብራት የተሠሩ የባሕር እንስሳት በጀልባ እየተጎተቱ ያልፋሉ፣ በፈረንጅ ከ1971 ጀምሮ እንዲሁ ነው። ዓሣ ነባሪ አለ፣ ዔሊ አለ። ሙዚቃ እንጂ ፍንዳታ የለውም። ጋቢውን ይዛችሁ ሂዱ፣ በጥር ማታ ማታ ይበርዳል።

ሐሙስ ኤፕኮት የሚባለው ሌላው ፓርክ ነው። እዚያ በአንድ ሐይቅ ዙሪያ የ11 አገር ሠፈር ሠርተዋል፤ ዙሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሲደክማችሁ በጀልባ መሻገር ይቻላል። ሞሮኮ አለ፣ አጠገቡ ፈረንሳይ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተናግዱት ከዚያው አገር የመጡ ልጆች ናቸው። አባባ ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያናግረው ሰው አጥቶ ፈረንሳይኛውን ለራዲዮ ነው የሚመልሰው። ቡናውን እሱ ይዘዝ። ጣፋጩን አንድ ወስዳችሁ ለሁለት ብሉ፣ ስኳሩ እንዳይወጣ። አቤት፣ እንደ ሙሽራ ከአንድ ሳህን።

ለሐሙስ የምትለብሺው አለ። ሻንጣሽን ያሸግሁት እኔ ስለነበርኩ ከሥሩ፣ ከጋቢው በታች፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አስቀምጫለሁ። እስካሁን አግኝተሽው ዝም ብለሽ ይሆናል። ከጅቡቲ ያመጣልሽ ሐምራዊ ሽፎን ነው። ያንን ሁሉ ዓመት ከብል መድኃኒት ጋር ተቆልፎ ኖሮ ማጠፊያው ላይ ቀለሙ ነጥቷል፤ ሲለበስ አይታይም።

ጅቡቲን ካነሣሁ ልጨርሰው።

አሥር ዓመቴ ነበር። አባባ ባገኘው ነፃ ቲኬት አምስት ቀን ልትሄዱ፣ እኔ ሐረር አክስቴ ጋ ልቀር። ማታውን ተኮሰኝ። ጠዋት ጣቢያው ድረስ ሄድን፤ ቀሚስሽን ተኩሰሽ፣ ጸጉርሽን ተሠርተሽ፣ ሽቶሽ እስከ ዛሬ ይሸተኛል። ደወሉ ሲደወል ግንባሬን ዳሰስሽና «አልሄድም» አልሽ። አባባ ተሳፍሮ ነበር። በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ሲያየን ትዝ ይለኛል፤ እያወዛወዘው አልነበረም፣ እንዲሁ አውጥቶት ብቻ። ባቡሩ ሄደ።

ትኩሳቱ በማግስቱ ለቀቀኝ። ሌላ ባቡር ነበር እማዬ። ከዚያ ወዲህ ግን ቡና በተፈላ ቁጥር «ጅቡቲን በዚች ምክንያት ሳላያት ቀረሁ» ትያለሽ። እየሳቅሽ ነው የምትይው፣ እንግዶቹም ይስቃሉ፣ እኔ ስኒ እሰበስባለሁ። ሠላሳ ዓመት ስኒ ሰበሰብኩ። አንድ ቀን እንኳ «ልጅቷ ምን አደረገች» ያለ ሰው አልነበረም፣ አባባም ጭምር።

ካገባሁ በኋላ ነው ሌላ ነገር የጠረጠርኩት። እናንተ ቤት ሰው ጠፍቶ አያውቅም፦ የአክስት ልጅ፣ ጎረቤት፣ ከገጠር የመጣ እንግዳ። ከእሱ ጋር አምስት ቀን ብቻሽን መቀመጥ ፈርተሽ ነበር? ምን እንደሚወራ አጥተሽ? ተሳስቼ ይሆናል፤ ድፍረትም ይሆናል፣ ይቅር በይኝ። ግን «ልጆቹ ይምጡ» ማለትሽን ስሰማ እንደገና ጣቢያው ላይ የቆምን መሰለኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ማክሰኞ ጠዋት የማንንም ልጅ ግንባር እንዳትነኪ። ቢተኩሳቸውም አባትና እናት አላቸው።

ያን ሌሊት ግን እስኪነጋ በእርጥብ ጨርቅ ስታብሺኝ እንደነበር አልረሳሁም። አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ቀላል ነው። አኒማል ኪንግደም ሎጅ የሚባል ሆቴል አለ፣ ከበረንዳው ቀጭኔና የሜዳ አህያ ሲግጡ ይታያል፤ ለመግባት የፓርክ ቲኬት አያስፈልገውም። ራት እዚያው። ቀጭኔ ለማየት አሜሪካ ድረስ እንዳትይ፤ ፈረንጁስ ጅብ ለማየት ሐረር ይመጣ የለም?

አሁን ዋናውን። ግንቦት ላይ ገና ሳይነጋ አባባ ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ያቺን የቆዳ ቦርሳ ይዞ ወጥቶ ነበር። የድሮው ጣቢያ ዘበኛ ነው በባጃጅ ያመጣው። «ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠይቆት «ዛሬ ቀርቷል ጋሼ» እንዳለው በር ላይ ቀስ ብሎ ነገረኝ። አንቺ ከውስጥ «እግሩን ሊያፍታታ ወጥቶ ነው» አልሽ፣ ሻይም ቀዳሽለት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አላነሣነውም። የቻይናው ባቡር ከከተማ ውጭ ነው፣ እሱን ጣቢያ አይለውም፤ እሱ የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠይቆኛል፣ አንቺ ቅዳሴ እያለሽ። እኔም «ቀርቷል» አልኩት።

ለወንድሜ አልነገርኩትም፣ አንቺ ትነግሪዋለሽ ብዬ። አልነገርሽውም አይደል? በስልክ እየመለስሽለት እስከ መቼ ትዘልቂያለሽ? የሸሚዙን ቁልፍ አንቺ እንደምትቆልፊለት ባለፈው በቪዲዮው አይቻለሁ። እዚያ ሳላችሁ ሐኪም ይየው። እኔ የበሽታ ስም አልጠራም፣ አንቺም አትጥሪ፤ ይየው ብቻ። ከጥር በኋላም ይሁን፣ ምሽቶቹ ይለፉ።

እስከዚያው፦ የወንድሜን ስልክ ቁጥር ጽፈሽ ደረት ኪሱ ውስጥ ክተቺለት፤ የቲኬቱ ቁራጭ ነው በይው። እጁን ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያ ሽማግሌ ከአሮጊት ጋር ተያይዞ ሲሄድ የሚያይ የለም። አዲስ ጫማ አታድርጊለት፣ የለመደውን። ክኒኑ ከምግብ ጋር ነው። በር ላይ የሚገፋ ወንበር ያከራያሉ፤ ለእሱ ካልሽ ይቆጣል፣ «ጉልበቴን አሞኛል» በይና አንቺ ተቀመጪበት፣ እሱ ይግፋሽ። ሲደክመው በተራው ይቀመጣል።

ማክሰኞ ስትደርሱ ጣቢያው ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ ከፍ ብሎ ነው። ጭሱን ያያል፣ ጩኸቱን ይሰማል፣ መጠየቁ አይቀርም። እዚህ ሁላችንም ዋሽተነዋል፤ ዘበኛው፣ አንቺም፣ እኔም። እዚያ ግን ሠራተኛውን ጠይቂና ትክክለኛውን ንገሪው፦ አሁን ይመጣል በይው። ሲመጣም አብረሽው ተሳፈሪ።

ልጅሽ