እናትሽ ጋ ደውዪላቸው

እንዴት ነሽልኝ ውዴ፣

ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም፤ ኑሮ ነው። ይቅር በይኝ፣ ቀሪውን ስትመጪ ትወቅሽኛለሽ። አንቺም ብትሆኚ ጅዳ ከገባሽ ወዲህ ድምፅሽ ጠፍቷል፣ ዝምተኛዋ ልጅ ሆነሻል አሉ!

ዛሬ የጻፍኩልሽ ስለ እናትሽ ነው። አትደንግጪ፣ ደህና ናቸው። ማለቴ... እግራቸውን ነው።

ለፋሲካ ገጠር ወርጄ ልጠይቃቸው ገባሁ። ቀሚሳቸውን እስከ መሬት ለቀው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ቡናውን ያፈላችው እህትሽ ናት። ቤተ ክርስቲያን መሳም ትተዋል፣ ማኅበርም አይወጡም። እሳቸው! ልሰናበት ስል ቀሚሳቸው ገለጥ አለ። ሁለቱም እግሮቻቸው አብጠዋል፣ ግራው ብሷል። ጣቶቻቸው ላይ ቆዳው ሻክሮ ጓጉሏል። ወዲያው ነው ያወቅኩት። የእማዬ ዝሆኔ ነው።

የእማዬን እግር ታውቂዋለሽ፤ ጸበል ስንመላለስ አብረሽን ነበርሽ። ያ እግር ዛሬ ጫማ ገባ! ብታያት እኮ፣ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች።

ሕክምናው ከባድ እንዳይመስልሽ፤ መነሻው ውሃና ሳሙና ነው። ማታ ማታ ታጥባለች፤ ከዚያ ነርሷ ለክታ ባሳየቻት መጠን በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ ትነክረዋለች። በጣቶቿ መሃል ሳይቀር አድርቃ ቅባት ትቀባለች። ስትተኛ እግሯን ትራስ ላይ ከፍ ታደርጋለች። ጠዋት ከጣቶቿ ጀምራ ወደ ላይ በፋሻ ትጠቀልላለች፤ ቁርጭምጭሚቷን ታንቀሳቅሳለች። ከዚያ ካልሲና ሽፍን ጫማ። በቃ። ግን በየቀኑ ነው፣ ዕድሜ ልክ።

እንደ ድሮው ሆነ ብዬ አልዋሽሽም። ጓጉሉ አለ። ግን ሽታው ጠፋ፣ እብጠቱ ጎደለ። ያ እያንዘፈዘፈ የሚጥላት ትኩሳትም ቀነሰላት። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም 700 ገደማ ሕመምተኞች ላይ ጥናት ተሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። በዚህ መንገድ እግራቸውን የተንከባከቡት ሰዎች ትኩሳቱ እንደ ሌሎቹ አልተደጋገመባቸውም። ትኩሳቱ ከተነሳ ግን ፋሻው ይፈታል፤ እረፍትና ጤና ጣቢያ ነው።

አሁን የከበደኝን ልንገርሽ። እናትሽ የሚደብቁት ለራሳቸው ብለው አይደለም። ለእህትሽ ሽማግሌ ሊላክ ነው። «ዘራቸው በሽታ አለበት» እንዳይባል ፈርተው ነው። እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ጨንቆኝ ነበር... ግን እውነቱ ይኸው ነው። ለልጃቸው ሲሉ እግራቸውን እያጡ ነው።

ስለዚህ ይህን ንገሪያቸው። ይሄ በሽታ እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከአፈሩ ነው። ደጋው ላይ ቀዩን አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ሲረግጡ ደቃቁ ብናኝ በቆዳ ይገባል። ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያቆስላል፣ ይዘጋል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው እዚሁ አገራችን ሠርቶ ይህን ያሳየው። ሰው «ዘር ነው» የሚለው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የወላይታ ጥናት አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ መሆኑን አግኝቷል። ነገር ግን ከልጅነቱ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ሰው አይይዘውም። እህትሽ ደግሞ ተማሪ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ ጫማ ካደረገችው ውጪ አይቻት አላውቅም። ምን ሊሉባት ነው?

እኔ ነግሬያቸው ነበር። «እሺ ልጄ» አሉኝና ቀሚሳቸውን መለሱት። አንቺን ግን ይሰማሉ፤ ድሮም ያንቺ ቃል እሳቸው ዘንድ ሌላ ነው።

ገንዘብ ላኪ አላልኩም። ሳሙናውንም ፋሻውንም እኔ እችላለሁ። ደብረ ማርቆስ ይዣቸው እመጣለሁ፣ እማዬም አብራ ትሄዳለች፤ እግሯን ራሷ ታሳያቸዋለች። «እሺ» ማስባሉን ብቻ ላንቺ ተውኩት። ማታ ደውዪ፣ ቀን ቤቱ ሰው አያጣም፣ በሰው ፊት አያወሩሽም።

እኔ እንደነገርኩሽ እንዳትነግሪያቸው... ወይም ንገሪያቸው፤ እንደመሰለሽ። ብቻ ከሽማግሌው በፊት ይሁን።

ያንቺው