ከሙኒክ አደጋ በኋላ የመጡት ሦስቱ አማተሮች እና ክለባቸው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የስፖርት ዓምዳችሁ ጥር 29 ቀን በደረሰ ቁጥር ማንቸስተር ዩናይትድ በ1958 በሙኒክ የደረሰበትን የአውሮፕላን አደጋ ማስታወሱ የሚያስመሰግነው ነው። እኔም የክለቡ ደጋፊ በመሆኔ ዓምዱን ከሚጠባበቁት አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ይሁን እንጂ ስምንት ተጫዋቾችን ጨምሮ 23 ሰዎች ካለቁ በኋላ ክለቡ እንዴት እንደገና ለጨዋታ እንደበቃ ሲተረክ ሁልጊዜ የሚጠሩት ያው የታወቁት ስሞች ናቸው፤ ምክትል አሠልጣኙ ጂሚ መርፊ፣ ከብላክፑል የመጣው ኧርኒ ቴይለር፣ ከአደጋው በኋላ የመጀመሪያው ጨዋታ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ከአስቶን ቪላ የተፈረመው ስታን ክራውዘር፣ ከዚያም ያለ ዕድሜያቸው ወደ ዋናው ቡድን የገቡት ወጣቶች። ቢሾፕ ኦክላንድ ከተባለ፣ ከሊጉ ውጭ ከሚጫወት የአንዲት ትንሽ ከተማ ክለብ ለእርዳታ የመጡት ቦብ ሃርዲስቲ፣ ዴሪክ ሌዊን እና ዋረን ብራድሊ ግን ሲጠሩ አይሰማም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የሦስቱ ሰዎች ታሪክ ከክለባቸው ታሪክ ተነጥሎ የሚገባ ስላልሆነ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ለአንባቢ ለማቅረብ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢሾፕ ኦክላንድ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በዱራም ግዛት የምትገኝ፣ በድንጋይ ከሰል ማዕድንና በባቡር ሥራ የኖረ ሕዝብ መካከል ያለች ከተማ ናት። እስከ 2012 የዱራም ጳጳሳት መኖሪያ የነበረው ቤተ መንግሥትም እዚያው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጳጳሱ ጆሴፍ ላይትፉት ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ ወጣቶችን ለክህነት የሚያዘጋጁት በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። እግር ኳስን በከተማዋ በቡድን ያደራጁት እነዚህ ተማሪዎች ናቸው። በመካከላቸው አለመግባባት ተነሥቶ የተለየው ወገን በ1886 የራሱን ክለብ ያቆመ ሲሆን፣ የዛሬው ቢሾፕ ኦክላንድ የተወለደው ከዚህ መለያየት ነው። የክለቡ ማሊያ እስከ ዛሬ ጥቁር ሰማያዊና ውሃ ሰማያዊ የሆነው የሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች ቀለም ይዞ በመቅረቱ ነው። የማዕድን ሠራተኛው ሕዝብ የሚደግፈው ቡድን የእነዚያን የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤቶች ቀለም ለብሶ መጫወቱን ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

ቢሾፕ ኦክላንድ ከፕሮፌሽናሉ ሊግ ውጭ መቆየቱን እንደ ድክመት የሚያይ አንባቢ ሊኖር ይችላል። በዚያ ዘመን ግን በእንግሊዝ ሁለት የተለያዩ የእግር ኳስ ዓለሞች ነበሩ፤ አንደኛው ደመወዝ የሚከፈልባቸው የሊግ ክለቦች ዓለም ሲሆን፣ ሁለተኛው ተጫዋቾቹ መምህር፣ ነጋዴ፣ ጸሐፊ ወይም የማዕድን ሠራተኛ ሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ የሚሰለፉበት የአማተሮች ዓለም ነበር። ይኸኛውም ኖርዘርን ሊግን የመሰሉ የራሱ ሊጎች ነበሩት። በ1889 የተመሠረተው ኖርዘርን ሊግ በዕድሜ ከእንግሊዙ ፉትቦል ሊግ ቀጥሎ የሚቆጠር ሲሆን፣ ቢሾፕ ኦክላንድ 19 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖበታል። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ግን የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የሚያዘጋጀው የአማተር ዋንጫ ነበር። ቢሾፕ ኦክላንድ ለዚህ ዋንጫ ፍጻሜ 18 ጊዜ ደርሶ 10 ጊዜ አሸንፏል፤ የመጀመሪያውን በ1896፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ደግሞ በተከታታይ በ1955፣ በ1956 እና በ1957 ወስዷል።

ከእነዚያ ሦስት ድሎች በፊት የነበሩት ዓመታት ግን ለደጋፊው እጅግ መራራ ነበሩ። በ1950 በዌምብሌይ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቀው የዊሊንግተን ቡድን 4 ለ 0 ረታቸው። በተከታዩ ዓመት እንደገና ዌምብሌይ ደርሰው በፔጋሰስ 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ ፔጋሰስ ደግሞ ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ የተውጣጡ ተማሪዎች ቡድን ነበር። ማሊያቸውን ያወረሷቸው ሰዎች ልጆች መጥተው ዋንጫውን ወሰዱባቸው ማለት ነው። በ1954 ከሌላው ጎረቤታቸው ከክሩክ ታውን ጋር የተገናኙበት ፍጻሜ በሁለት ጨዋታ ሊለይለት አልቻለም፤ በዌምብሌይ 100,000 ተመልካች ፊት 2 ለ 2፣ በኒውካስል እንደገና 2 ለ 2 ከተለያዩ በኋላ፣ በሚድልስብሮ ክሩክ 1 ለ 0 አሸነፈ። አንድ መቶ ሺህ ሰው ተሰብስቦ ያያቸው እነዚያ ተጫዋቾች ሰኞ ጠዋት ወደየሥራቸው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ።

በ1955 ሄንደንን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁለቱንም ጎሎች ያስቆጠረው ዴሪክ ሌዊን ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን ፕሮፌሽናሎችም በሚካፈሉበት በኤፍኤ ዋንጫ ኢፕስዊች ታውንን በድጋሚ ጨዋታ 3 ለ 0 አሰናብተው አራተኛው ዙር ደርሰዋል። የቡድኑ ልብ አማካዩ ቦብ ሃርዲስቲ ነበር። የታላቋ ብሪታንያ የኦሎምፒክ ቡድን አባል ሆኖ በ1948፣ በ1952 እና አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1956 ተሳትፏል። ግብ ጠባቂው ሃሪ ሻራትም የሚረሳ አይደለም፤ ኳስ ከእርሱ ወገን በጠፋችበት አንድ የክረምት ጨዋታ ጎሉ መስመር ላይ የበረዶ ሰው ሲሠራ ተገኘ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራለታል።

እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ማድረግ ይገባል። ይህን መሰል ታሪክ ሲጻፍ ሁሉም ተጫዋቾች የአንድ ሰፈር ልጆች እንደነበሩ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። የሃምሳዎቹ ቢሾፕ ኦክላንድ ግን እንዲያ አልነበረም። ሌዊን የማንቸስተር ተወላጅ ነው፤ ብራድሊ የተወለደው ማንቸስተር አጠገብ ባለችው በሃይድ ሲሆን ወደ አካባቢው የመጣው በዱራም ዩኒቨርሲቲ ለመማር ነው፤ አጥቂው ሼመስ ኦኮኔል ደግሞ የካርላይል ሰው ነበር። ስለ አማተርነቱ ንጽሕናም ቢሆን ብዙ መመጻደቅ አይገባም። በዱራም ክለቦች ከሕግ ውጭ ገንዘብ ይከፈል ስለነበር በ1928 ከሦስት መቶ በላይ ተጫዋቾች ታግደው ነበር። ገንዘቡም ከጨዋታ በኋላ በተጫዋቹ ጫማ ውስጥ ተጨምሮ ይገኛል ይባል ነበር።

የሙኒክን ጉዳይ ለመረዳት የሚያስፈልገው ቁልፍ ይኸው የአማተርነት ደንብ ነው። አማተር ተጫዋች በውል የታሰረ ባለመሆኑ ያለ ዝውውር ገንዘብ ለሌላ ክለብ መሰለፍ ይችል ነበር። ኦኮኔል በጥቅምት 1954 ለቼልሲ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ያውም በማንቸስተር ዩናይትድ ላይ፣ ሦስት ጎል አስቆጥሯል፤ ቼልሲ 6 ለ 5 ቢሸነፍም በዚያ የውድድር ዘመን መጨረሻ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ በየካቲት 1958 ጂሚ መርፊ የተጠባባቂዎቹን ልጆች ወደ ዋናው ቡድን ሲያሳድግ ተጠባባቂው ቡድን ባዶ ቀረ፤ የእርሱም ጨዋታዎች ቢሆኑ የግድ መካሄድ ነበረባቸው። በአደጋው የቆሰለው የዩናይትድ ዋና አሠልጣኝ ማት በዝቢ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ የብሪታንያን ቡድን ያሠለጠነው ግን ራሱ በዝቢ በመሆኑ ሃርዲስቲ ለዩናይትድ ባዳ አልነበረም። ከአንድ ዓመት በፊት ጫማውን ሰቅሎ የነበረው የ37 ዓመቱ ሃርዲስቲ፣ ሌዊንና ብራድሊ ሄደው ከተጠባባቂዎቹ ታዳጊዎች ጋር ተሰለፉ። ገበያ ወጥቶ ያን ያህል ልምድ ያላቸውን ሦስት ሰዎች በዚያ ጥቂት ሳምንት ውስጥ መግዛት ለየትኛውም ክለብ የሚቻል አይመስለኝም።

ሃርዲስቲና ሌዊን ግዴታቸውን ጨርሰው ተመለሱ። የክንፍ ተጫዋቹ ብራድሊ ግን እዚያው ቀርቶ ፕሮፌሽናል ሆነ፤ ዩናይትድ ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ በጨረሰበት በ1958/59 የውድድር ዘመን በ24 ጨዋታ 12 ጎል አስቆጠረ። በግንቦት 1959 ለእንግሊዝ ዋና ብሔራዊ ቡድን ተመርጦ ከጣሊያን ጋር 2 ለ 2 በተለያዩበት የመጀመሪያ ጨዋታው ጎል ያገባ ሲሆን፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ተሰልፎ ሁለት ጎል አለው። ይህን ሁሉ ያደረገው የመምህርነት ሥራውን ሳይተው ነው፤ በኋላም የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኗል። ቢሾፕ ኦክላንድ በበኩሉ ያን የመሰለውን ተጫዋች ያጣው ያለ ምንም የዝውውር ገንዘብ ነው። ስለዚህ የተደረገውን ነገር «ትብብር» ብሎ በአንድ ቃል ማለፍ ትንሹ ክለብ የከፈለውን ማሳነስ ይመስለኛል።

ከ1957 በኋላ ክለቡ የአማተር ዋንጫን ዳግም አላነሣም። በ1974 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በአማተርና በፕሮፌሽናል መካከል የነበረውን ልዩነት ሲያስቀር ዋንጫውም አብሮ ቀረ፤ አሥሩ ድልም ማንም የማይደርስበት ሆኖ ተመዘገበ። ከከተማዋ የክሪኬት ክለብ ጋር ይጋራው የነበረው የኪንግስዌይ ሜዳ አንድ ጎኑ የክሪኬት መጫወቻ በመሆኑ በዚያ በኩል የተመልካች መቀመጫ ሊሠራበት አይችልም ነበር። ቡድኑ በ2001 ይህን ሜዳ ለቆ እስከ 2010 ድረስ በጎረቤት ከተሞች ሜዳዎች እንደ እንግዳ ሲጫወት ቆየና በዚያው ዓመት ሄሪቴጅ ፓርክ ወደተባለው የራሱ ሜዳ ገባ።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ነገር ከባድ አይደለም። ስለ ሙኒክ በምታወጡት ጽሑፍ ውስጥ የእነዚህ ሦስት ሰዎች ስም ከነክለባቸው ይግባ። ከተቻለም በየሳምንቱ ለፕሪሚየር ሊጉ የዝውውር ወሬ ከሚሰጠው ሰፊ ቦታ ላይ ጥቂት ተቀንሶ ከሊጉ በታች ስላሉት ክለቦች አልፎ አልፎ ይጻፍበት። ከቢሾፕ ኦክላንድ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው የዌስት ኦክላንድ የማዕድን ሠራተኞች ቡድን በ1911 ቱሪን ድረስ ተጉዞ ዩቬንቱስን 6 ለ 1 አሸንፎ የሰር ቶማስ ሊፕተንን ዋንጫ የወሰደበት ታሪክ ለመጀመሪያው ጽሑፍ የሚሆን ይመስለኛል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ፣ ከደሴ